ሽማግሌ የተላከበት ክለብ

እኔ መግደርደር የለመድኩት ጡት ሳልጥል ነው መሰለኝ። እናቴ ሰው ቤት ይዛኝ ስትሄድ በር ላይ ታቆመኝና «ብይ ሲሉሽ ዘለሽ እንዳትቀርቢ» ትለኛለች። ባለቤቲቱ «ነይ ብይ ልጄ» ስትል «በልቻለሁ» እላለሁ። ሆዴ ከውስጥ «ውሸቷን ነው!» ብሎ ይጮሃል። «ኧረ በሞቴ!» ስትል ወደ እናቴ አያለሁ። የእናቴ ዓይን «ገና ነሽ» ይላል። ሴትዮዋ ተነሥታ «አፈር ስሆን!» ስትል ነው እንግዲህ የተገደድኩ መስዬ እጄን የምታጠበው። አንድ ቀን ታዲያ ርቦኝ ስለነበር፣ ጎረቤታችን ጠይቃኝ ሳትጨርስ «እሺ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ቤት ስንመለስ እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ የያዘችኝ አያያዝ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ያልተቀጣሽ! አንዴ ሲሉሽ?»

ይህን የማወራችሁ ቁንጥጫው ናፍቆኝ አይደለም። ይቺ ትምህርት ሎስ አንጀለስ ድረስ ተከትላኝ መጥታ ጉድ ስለሠራችኝ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ቤት ገና በጣት ይቆጠር ነበር። እኔ ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ ሚድ ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ከወንድሜ ከተስፋዬ ጋር እኖር ነበር። ከተስፋዬ ጋር ስል ከተስፋዬና ከሁለት ታክሲ ነጂ ጓደኞቹ ጋር ማለቴ ነው። እግዜር ለእናቴ ስድስት ወንድ ከሰጣት በኋላ እኔን ጨመረላት። እህት የሚባል ነገር የማውቀው በሰው ቤት ነው። አሜሪካ ስደርስም ዕጣዬ ያው ሆነ፤ መታጠቢያ ቤቱ ሦስት ጢም መላጫ፣ ሳሎኑ ስድስት ትልልቅ ጫማ፣ ወሬው ሁሉ የኤርፖርት ሰልፍና የፓርኪንግ ቲኬት። ጡት መያዣዬን እንኳ የማሰጣው ትራስ ልብስ ውስጥ ደብቄ ነበር። እንዴት ይደርቃል? አይደርቅም። እንዳለ እለብሰዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ፀጉሬ ነው። ከኋላ የሚከፍልልኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ተስፋዬን ለምኜው ማበጠሪያውን ይዞ ከማጅራቴ ተነሣና ፍሪዌይ ላይ መውጫ እንዳመለጠው ሰው ተጠማዞ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። «ኦኬ፣ ጨረስኩ» አለኝ። በዚያው ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር ወይስ አይስቅም እያልኩ ዋልኩ።

ትምህርት ቤት ያልኩት ኮሌጁን ነው። ካፌው ውስጥ መስኮቱ ጥግ ቢጫ ሹራብ የለበሱ ሴቶች ሁልጊዜ አንድ ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ ትበላለች፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር ትጎነጉናለች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ የሚገርመው ደግሞ ይሰማማሉ። «ሲስተር» ይባባላሉ። መጀመሪያ የእውነት እህትማማቾች መስለውኝ፣ አንዷ ጥቁር፣ አንዷ ቀይ ፀጉር፣ አንዷ ጃፓናዊት ስትሆንብኝ፣ አባትየው ብዙ አገር የዞረ መርከበኛ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ኋላ ነው የሴቶች የበጎ ሥራ ክለብ መሆኑን የሰማሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳርቻ ይጠርጋሉ፣ ሆስፒታል ለተኙ ልጆች መጽሐፍ ያነባሉ፣ አረጋውያንን ምሳ ያበላሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባሕር ዳርቻው አልነበረም ያማለለኝ። ያ ጠረጴዛ ነው። ሳንድዊቼን ይዤ ሦስት ጠረጴዛ ርቄ እቀመጥና ሲስቁ እኔም ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፣ በምን እንደሳቁ ሳላውቅ።

የክለቡ ሊቀመንበር ዴኒስ ትባላለች። የሎንግ ቢች ልጅ ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት፤ ስትስቅ ሕንፃው ይሰማል። በባዮሎጂ ላብ ከእኔ ጋር ተመድባ እንቁራሪት አብረን ቀደድን። እንቁራሪት አብሮ የቀደደ ሰው ባዕድ አይደለም። አንድ ቀን «ቅዳሜ ቶራንስ አረጋውያን ቤት ሰው አንሶናል፣ ትመጫለሽ?» አለችኝ። ሰው አንሶን ነው ስላለች ግብዣ አይደለም፣ ሥራ ነው። ሥራ ላይ መግደርደር የለም። ሄድኩ።

እዚያ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የምሳ ሳህኑን ሲያቀርቡላቸው «አይ፣ አመሰግናለሁ» አሉ። አስተናጋጇም «ኦኬ» ብላ ሳህኑን አንሥታ ሄደች። እኔ ክው አልኩ! አንዴ «አይ» ስላሉ? በእናት! ሳህኑን ከእጇ ተቀብዬ፣ ወንበር ስቤ፣ «ትንሽ ብቻ» አልኳቸው። «አይ» አሉ። «ለእኔ ሲሉ።» «አልራበኝም ልጄ።» «አንድ ማንኪያ፤ ካልጣመዎት እኔ እጨርሰዋለሁ።» ሳቁ። በሉ። ድንቹን ጨርሰው የጎረቤታቸውን ጄሎ፣ ያንን የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ፣ ሁሉ ጠየቁ። ዴኒስ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ አልበላም ብለው ነበር እኮ። ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም። ደግሜ ጠየቅኳቸው።»

ያን ቀን በአሮጌ መኪናዋ ቤቴ ድረስ አደረሰችኝ። በሩ ላይ ፓርክ አደረገችና «ሶ፣ ለምን ክለባችን አትገቢም? ደስ ይለናል» አለችኝ።

ወገኖቼ! የምፈልገው ነገር በዚህ ምድር ላይ እሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አልኩ? አንገቴን ሰብሬ፣ በጣቴ የመኪናውን በር እየፋቅኩ፣ «ኧረ እኔማ ምን ችዬ! ይቅርብኝ» አልኩ።

«ኦ» አለች ዴኒስ። «ኦኬ። ችግር የለም።» መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ዞራ ትመጣ ይሆናል አልኩ። ፒኮ ላይ ሦስት አውቶቡስ አለፈ። ዴኒስ አላለፈችም።

እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን ሳምንት አትጠይቁኝ። ላብ ውስጥ ዴኒስ አፏን በከፈተች ቁጥር «ጥያቄዋ መጣች!» እላለሁ፤ «መቀሱን አቀብዪኝ» ትለኛለች። ካፌ ውስጥ ከሦስት ጠረጴዛ ወደ ሁለት ተጠጋሁ፣ ከዚያ ወደ አንድ። ቢጫ ሹራብ ገዝቼ ለበስኩ። እንዴት ያለ ቢጫ! ሰናፍጭ የተደፋብኝ ነበር የምመስለው። ዴኒስ አየችኝና «ቢጫ ያምርብሻል!» ብላ አለፈች። በዚያ ላይ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ አዲስ አባላት የሚቀበሉት እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።

ማታ ለተስፋዬ ነገርኩት። ጫማውን እየፈታ «ታዲያ ሄደሽ “መግባት እፈልጋለሁ” አትያትም?» አለኝ።

«እኔ? በገዛ አፌ? ሞቼ ነው!»

ቅዳሜና እሑድ ፌርፋክስ እትዬ ወይንሸት ምግብ ቤት አስተናግድ ነበር። እትዬ ወይንሸት ሽንኩርት እየከተፉ ነገሬን ከዳር እስከ ዳር ሰሙኝ። እንባቸውን በክንዳቸው ጠረግ አድርገው «ይሄማ ምን ያስጨንቃል? ሽማግሌ መላክ ነው» አሉ።

እኔ ሳቅኩ። ሌላ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ጥግ ላይ ምሳቸውን ይበሉ የነበሩት ጋሼ መርዕድ እጃቸውን ጠረጉ። ጋሼ መርዕድ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ እዚህ የፓርኪንግ ቦታ የሚጠብቁ፣ ሰላምታቸው ብቻ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሰው ናቸው። «ለመቼ?» አሉ። በቃ፣ ነገሩ ከእጄ ወጣ።

ሐሙስ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌ ኮሌጅ ገባ። አንደኛው ጋሼ መርዕድ፣ ሙሉ ልብስ ከነ ባርኔጣው። ሁለተኛው ተስፋዬ፣ አስተርጓሚ፣ በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜ ከረባት አስሮ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አብሮን የሚኖረው ጌታቸው። «ሽማግሌ ሦስት ካልሆነ አይሞላም» ተብሎ ከታክሲው ላይ ተይዞ የመጣ ነው። «አንተ አትናገር፣ ዝም ብለህ አስብ» ብለውታል።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ከለስላሳ መሸጫው ማሽን ጀርባ ተወሽቄ በተከፈተው በር አያለሁ። ሴቶቹ ለስብሰባ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ገብተው ተሰልፈው ቆሙ። ጋሼ መርዕድ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ? ቤተሰብ እንደምን ነው? ወላጆቻችሁ፣ ታላላቆቻችሁ፣ ታናናሾቻችሁ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው?»

«ሃይ ይላሉ» አለ ተስፋዬ።

«በሰላም ያገናኘን አምላክ ይመስገን። ዘንድሮ ዝናቡም ዘግየት አለ እንጂ…»

«ስለ አየሩ ነው።»

ቀይ ፀጉሯ ልጅ ወደ ጓደኞቿ ዞራ «ታክሲ የጠራ ሰው አለ?» አለች። ዴኒስ ተነሥታ ወንበር አቀረበች። ጋሼ መርዕድ እጃቸውን አነሡ፤ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም!» ተስፋዬ ላብ በላብ ሆኗል። «መቀመጥ አይፈልጉም» አለ። ኩኪስ አመጡላቸው። ሦስቱም በአንድ ድምፅ፣ ያ አትናገር የተባለው ጭምር፣ «ኖ፣ ኖ፣ በልተናል!» አሉ። ሳህኑም ተመለሰ። ጌታቸው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበርና ዓይኑ ሳህኑን ተከትሎ እስከ ጠረጴዛው ጥግ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ጋሼ መርዕድ ከዝናቡ ወደ አብሮ መኖር፣ ከአብሮ መኖር ወደ ልጅ አስተዳደግ ተሻገሩ። ገና «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ…» ሲሉ ቀጣዩ ተረኛ፣ የቼዝ ክለብ፣ ሰሌዳውን ታቅፎ በሩ ላይ ተኮለኮለ። የክፍሉ ሰዓት አልቋል። ዴኒስ የሦስቱንም እጅ ጨብጣ ስለ ጉብኝታቸው አመሰገነች። ጋሼ መርዕድ የእትዬ ወይንሸትን ምግብ ቤት ካርድ ሰጧትና «መልሱን እዚህ እንጠብቃለን» አሉ። ተስፋዬ «እዚህ እንጠብቃችኋለን» ብቻ ብሎ ተረጎመው።

ሁሉም ሲወጡ እኔ ከማሽኑ ጀርባ ለመጥፋት ጊዜ አጣሁ። የዴኒስ ዓይን እኔ ላይ ወደቀ። ሳንቲም ሳልይዝ የኮካውን ቁልፍ መጫን ጀመርኩ።

«እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?» አለችኝ።

ይህን ለመጻፍ እጄ ያመነታል። «አላውቃቸውም» አልኩ።

ተስፋዬ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ሰማኝ። እንግሊዝኛው ለጋሼ መርዕድ ዝናብ ባይበቃ፣ ለዚህ ይበቃል። ከረባቱን ላላ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ ጋሼ መርዕድ ከፊት ወንበር ሆነው ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «አልከለከሉንም እኮ! ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም፣ ይመለሱ ነው የሚባለው። ወግ የሚያውቁ ልጆች ናቸው» ይላሉ። ተስፋዬ በመስተዋቱ አየኝና ቀስ ብሎ «ይሄን ከረባት ያሰርኩት ላንቺ ነበር» አለኝ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ መንገዱን ብቻ ነበር የሚያየው።

በእነዚያ ቀናት ብዙ አሰብኩ። ሰዎች መግደርደር ውሸት ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። አንዴ የጠየቀሽ ሰው ለወጉ ይሆናል፤ ሁለቴ የጠየቀሽ አስቦሽ ነው፤ ሦስቴ የለመነሽ ግን አንቺ ሳትኖሪ ማዕዱ የሚጎድልበት ሰው ነው። እኔ የምፈልገው ክለብ መግባት ብቻ አልነበረም፣ መፈለግ ነበር። ለዚህ ብዬ ግን ሳልጠየቅ የሚፈልገኝን ወንድሜን አላውቀውም አልኩ። አይ እኔ!

እሑድ ቀትር ላይ የእትዬ ወይንሸት በር ተከፈተና ስድስት ቢጫ ሹራብ ገባ። ሦስቱ ጨዋ ሰዎች ምሳ የጋበዟቸው መስሏቸው መጡ። ጋሼ መርዕድና ተስፋዬ ጥግ ላይ ነበሩ፤ ጋሼ መርዕድ ገና ሲያዩዋቸው «መልሱ መጣ!» ብለው ብድግ አሉ። እኔ ሽርጥ አስሬ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ዴኒስ «እዚህ ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ መሸሸጊያ ማሽን የለም።

አቀረብኩ። ደግሞ ጨመርኩ። ቀይ ፀጉሯ ሆዷን ይዛ «በቃኝ» አለች፤ ጨመርኩላት። ጎርሰው የማያውቁትን አጎረስኳቸው። ዴኒስ «አይ» አለች፤ ዶሮውን አወጣሁላት። «የምሬን ነው፣ አይ» አለች፤ እንቁላሉን ደገምኳት። በመጨረሻ እጄን ያዘችኝ።

«ስሚ፣ ሁለት ጊዜ አይ አልኩሽ እኮ!»

«ሁለት ምንድነው?» አልኳት ሳላስበው። «አንደኛው አይ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው ጨዋነት ነው። አይ የሚባለው ሦስተኛው ነው።»

ዴኒስ እጄን አልለቀቀችም። «ቶራንስ ያሉት አሮጊት…» አለች። «ደግሜ ጠየቅኳቸው ነው ያልሽኝ። ከዚያ እኔ መኪናው ውስጥ ጠየቅኩሽ።»

«አንዴ» አልኩ።

«እነዚያ ሰውዬዎች ምን ሊሉን ነበር የመጡት?»

ወደ ጥጉ አየሁ። ተስፋዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀምጧል። «ደግማችሁ እንድትጠይቁኝ ሊለምኑ ነው» አልኩ። «ያ ወንድሜ ነው፣ ተስፋዬ። ያን ቀን አላውቀውም አልኩሽ፤ ዋሸሁ። አፍሬ ነው። ወንድሜ ነው።»

ተስፋዬ አፍንጫውን በናፕኪን ጠረገና በርበሬውን ወቀሰ።

ዴኒስ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። «እናቴ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነው። ሴት ልጅ አይ ካለች አይ ማለቷ ነው፣ እመኛት፣ ደግመሽ አታስቸግሪያት። ለዚህ ነው የሄድኩት። አስቀይሜሽ እንዳይሆን ስንት ቀን ተጨነቅኩ መሰለሽ።»

ሁለት እናቶች፣ አንዷ በሎንግ ቢች፣ አንዷ በአዲስ አበባ፣ ለልጆቻቸው የሚበጀውን ነው የመከሩት። እኛ መሐል መንገድ ላይ ተጋጨን። ዴኒስ ንቃኝ ሳይሆን ቃሌን አክብራ ነበር የሄደችው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ ስለማላውቅ ጥላቻ መሰለኝ።

«ሐሙስ አልፏል» አልኳት።

«ሐሙስ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችና ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። «ሶ፣ ክለባችን ትገቢያለሽ?»

በእግዚአብሔር ስም፣ እሺ ልል ነበር! አፌ ግን የእናቴ ነው። «ኧረ እኔማ ምን ችዬ…»

«አንድ!» ብለው ጮኹ አምስቱ።

«በናትሽ ግቢ» አለች ዴኒስ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ግን ቃናው ያው ነበር።

«ይቅርብኝ፣ እናንተን ላስቸግር…»

«ሁለት!»

ሦስተኛውን አልጠየቀችም። ከፊቷ እንጀራ ቀደደች፣ ያለ የሌለውን ወጥ ሰበሰበች፣ መረቁ በክንዷ እየወረደ ጡብ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ አፌ ውስጥ ከተተች። ጉንጬ ተወጠረ፣ አይ ለማለት ቦታ የለም። ራሴን ብቻ ላይ ታች ነቀነቅኩ። ያለቀስኩት ግን በጉርሻው አይደለም፣ አልዋሽም። ጋሼ መርዕድ «እንግዲህ አሁን መቀመጥ ይቻላል» ብለው ከሐሙስ ጀምሮ እንደቆመ ሰው ተንፍሰው ወንበራቸው ላይ ወደቁ።

ቀይ ፀጉሯ ልጅ ከኋላዬ መጥታ ፀጉሬ ላይ ያለውን የተስፋዬን ፍሪዌይ በጣቷ ተከትላ «ይሄን ማን ነው የሠራሽ?» አለችና ሳትጠይቀኝ ፈትታ እንደገና ትከፍለው ጀመር። ዴኒስ ቢጫ ሹራቧን አውልቃ «ያንቺ እስኪሰፋ ይሄን ልበሺ» አለችኝ።

«እሺ» አልኩና ተቀበልኳት።

ከማድ ቤቱ መስኮት የእትዬ ወይንሸት ድምፅ መጣ፤ «ያልተቀጣች! አንዴ ሲሏት?»

እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ጭኔን ሸፈነ። ሹራቡን ግን አልመለስኩም።